ጋሊሌዮ ጋሊሌይ፤ ዕውቀትን ከሥራ ያገናኘ ሊቅ

የሰው ልጅ ተፈጥሮን አውቆ ለኑሮው መገልገያ ለማድረግ ባካሄደው ረጅም ትግል ውስጥ፣ ለዘመናት ትክክለኛ መልስ ሳያገኙ ከቆዩት ጥያቄዎች አንዱ ማንኛውም ሠራተኛ በየቀኑ በገዛ ክንዱ የሚያውቀው ነበር። ጭነት የተሸከመ ጋሪ ሲገፉት ይሄዳል፤ መግፋቱ ሲቆም ጋሪውም ይቆማል። ከዚህ ተነሥቶ ማንም ሰው በቀላሉ የሚደርስበት ድምዳሜ፣ አንድ ነገር እንዲንቀሳቀስ ዘወትር የሚገፋው ወይም የሚስበው ያስፈልገዋል የሚል ነው። ድምዳሜው ከዓይን ጋር የሚስማማ፣ ከልማድም ጋር የማይጋጭ በመሆኑ ለ2 ሺህ ዓመታት ያህል በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደ እውነት ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን ስሕተት ነበር።

ይህን ስሕተት በማረም ረገድ ግንባር ቀደም ከሆኑት ሊቃውንት አንዱ ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ነው። ጋሊሌዮ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ሰማይን በመነጽር በመመርመሩና ከዚህ ጋር በተያያዘ ለፍርድ በመቅረቡ ነው። ይህ የሚካድ ባይሆንም፣ ከዚህ ያላነሰ ፍሬ የሰጠው ሥራው አንዲት የነሐስ ኳስ በጣውላ ላይ በማንከባለል ያገኘው የእንቅስቃሴ ሕግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን የምንመለከተውም ከዚህ አኳያ ይሆናል። የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሙዚቀኛ ቤት የወጣ ተማሪ

ጋሊሌዮ የተወለደው በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1564 በፒዛ ከተማ ነው። አባቱ ቪንቼንዞ ጋሊሌይ ሉት የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወትና ስለ ሙዚቃ የሚመራመር ባለሙያ ነበር። ቤተሰቡ ስም እንጂ ሀብት አልነበረውም። አባት ለልጁ ካወረሰው ነገር ሁሉ የላቀው የተባለውን ሁሉ ሞክሮ የማየት ልማድ ነው። በጊዜው የነበረው የሙዚቃ ትምህርት፣ አውታርን የሚወጥረው ክብደት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል የሚል ነበር። ቪንቼንዞ ክብደት እያንጠለጠለ ሲሞክረው ግን የሚያስፈልገው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሆኖ አገኘው። መጽሐፉ ያለው ሌላ፣ አውታሩ የመሰከረው ሌላ ሆነ።

ጋሊሌዮ በ1581 በፒዛ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለማጥናት ተመዘገበ። ይሁን እንጂ ኦስቲሊዮ ሪቺ ከተባለ የሒሳብ መምህር ጋር ከተገናኘ በኋላ ልቡ ወደ ሒሳብ አዘነበለ፤ በ1585ም ያለ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲውን ለቅቆ ወጣ። በግል እያስተማረ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1589 በዚያው በፒዛ የሒሳብ መምህር ሆኖ በዓመት 60 ስኩዲ ደመወዝ ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው የእንቅስቃሴ ትምህርት የሚሰጠው ከጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ ከአሪስቶትል መጻሕፍት ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት ከባድ ነገር ከቀላሉ ፈጥኖ ይወድቃል፤ የሚፈጥነውም በክብደቱ ልክ ነው። አሪስቶትል ራሱ ተፈጥሮን በትጋት የመረመረ ታላቅ ሊቅ እንደ ነበር አይካድም። ጉዳቱ የመጣው እሱን ተከትለው ከመጡት ብዙዎቹ፣ ምርመራውን ትተው መጽሐፉን ብቻ በመያዛቸው ነው። እርግጥ ነው፣ ትምህርቱ ያለ ተቃዋሚ አልኖረም፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ተችቶታል። በ1586ም ሲሞን ስቴቪን የተባለ የሆላንድና የፍላንደርስ መሐንዲስ፣ አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ የሚከብዱ ሁለት የእርሳስ ኳሶች ከከፍታ ተለቅቀው መሬት የነኩት አብረው እንደ ነበር በመጽሐፍ አስታውቋል። ጋሊሌዮ ከፒዛ ግንብ ላይ በሕዝብ ፊት ኳሶችን ጣለ የሚባለው ታሪክ ግን እሱ ከሞተ በኋላ ደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ የጻፈው ነው፤ በዘመኑ የተመዘገበ ማስረጃ ስለሌለ የታሪክ ሊቃውንት ይጠራጠሩታል።

ጋሊሌዮ ግን ከግንብ ላይ መውጣት እንኳ የማያስፈልገው ክርክር ነበረው። ከባዱ ድንጋይ ፈጥኖ፣ ቀላሉ ዘግይቶ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሁለቱን በገመድ አስረን ብንለቃቸው ምን ይሆናል? ዘገምተኛው ፈጣኑን ወደ ኋላ ስለሚጎትተው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከከባዱ ድንጋይ ይዘገያሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን ሁለቱ ሲታሰሩ ከከባዱም የበለጠ ክብደት ስላላቸው ይበልጥ መፍጠን አለባቸው። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሊፈጥንም ሊዘገይም አይችልም። ስለዚህ ከመነሻው የተሰጠው ትምህርት ራሱን በራሱ ያፈርሳል። አየር ካላገደው በስተቀር ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወድቃል።

ከሠራተኛው የተማረ መምህር

በ1592 ጋሊሌዮ በቬኒስ ሪፑብሊክ ሥር ወደ ነበረው ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያ የኖረባቸው 18 ዓመታት በሕይወቱ ከፍተኛ ፍሬ ያፈራባቸው ነበሩ። አባቱ በ1591 በመሞቱ የቤተሰቡ ሸክም በእሱ ላይ ወድቋል፤ የእኅቶቹ ጥሎሽ ይጠበቅበታል። ደመወዙ ስለማይበቃው ተማሪዎችን በቤቱ በኪራይ ያስቀምጥ፣ የምሽግ አሠራርና ተግባራዊ ሒሳብ በግል ያስተምር ነበር። በ1599 ማርካንቶኒዮ ማዞሌኒ የተባለ የእጅ ባለሙያ ቀጥሮ በቤቱ የመለኪያ መሣሪያዎችን እያሠራ መሸጥ ጀመረ።

በአቅራቢያው የነበረው የቬኒስ የመርከብ ማምረቻ በዘመኑ ከአውሮፓ ታላላቅ የሥራ ቦታዎች አንዱ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ አናጢዎች፣ ገመድ ፈታዮች፣ ብረት አቅላጮችና መድፍ ሠሪዎች ውለው ይገቡበት ነበር። ጋሊሌዮ በ1593 ስለ መርከብ መቅዘፊያ አቀማመጥ ምክር ተጠይቆበታል። በእርጅናው ዘመን የጻፈው ታላቅ መጽሐፍም የሚጀምረው ይህንኑ የሥራ ቦታ በማንሣት ነው፤ ሊቃውንት ብዙ ሊማሩ የሚችሉት በዚያ ካሉት የሥራ አዋቂዎች መሆኑን አሳውቋል።

ይህ ለአክብሮት ያህል የተጻፈ አልነበረም። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ሊጠግን የተጠራ አንድ ሠራተኛ ተጠቅሷል። ሠራተኛው ጥፋቱ የፓምፑ አለመሆኑን፣ ማንኛውም መሳቢያ ፓምፕ ውሃን ከ18 ክንድ በላይ፣ ማለትም ከ10 ሜትር ብዙም ከፍ ሊያደርግ እንደማይችል አስረዳ። ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራው ነበር። የጋሊሌዮ ተከታይ ቶሪቼሊ ምክንያቱን ሲመረምር የአየርን ግፊት የሚለካው መሣሪያ ተገኘ። ሌላም ምሳሌ አለ። አንድ ትልቅ የእብነ በረድ ዓምድ በሁለት ጫፎቹ በግንድ ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ መሐሉ እንዳይሰበር ተብሎ ሦስተኛ ግንድ ተጨመረለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ዓምዱ በትክክል በተጨመረው ግንድ ላይ ተሰነጠቀ። ምክንያቱም በአንደኛው ጫፍ የነበረው ግንድ በስብሶ ሲሰጥም የመሐሉ ጠንክሮ በመቅረቱ፣ የዓምዱ ጫፍ ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ነበር። እንዲህ ያለውን የሥራ ቦታ ገጠመኝ አብዛኞቹ የዘመኑ ምሁራን ለመመርመር የሚገባ ነገር አድርገው አይቆጥሩትም ነበር። ጋሊሌዮ ግን ሳይንስ አደረገው።

ጣውላ፣ ኳስና ውሃ

የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ እየጨመረ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። ታዲያ የሚጨምረው በምን ሕግ ነው? ችግሩ መለካት ነበር። ድንጋይ ከአንድ ቤት ጣሪያ ላይ ለመውደቅ ከሁለት ሴኮንድ በላይ አይፈጅበትም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሴኮንድን ከፋፍሎ የሚለካ ሰዓት አልነበረም። ጋሊሌዮ መፍትሔ አድርጎ የወሰደው ውድቀቱን ማዘግየት ነው። 12 ክንድ ያህል ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ ቀጥ ያለ ቦይ አስቆፈረ፤ ቦዩን አስለሰለሰና ብራና አለበሰው፤ ጣውላውን በአንድ ጫፍ ጥቂት ከፍ አድርጎ ድቡልቡል የነሐስ ኳስ ለቀቀበት። ያዘነበለ ጣውላ ላይ የሚንከባለል ኳስ የሚወድቅ ኳስ ነው፤ ልዩነቱ ቀስ ብሎ መውደቁ ብቻ ነው።

ጊዜውን የለካው በውሃ ነበር። ውሃ ከሞላበት ትልቅ ዕቃ ግርጌ ቀጭን ቱቦ አበጀ፤ ኳሱ ሲለቀቅ ውሃው ወደ ጽዋ እንዲወርድ ይከፍታል፤ ኳሱ ሲደርስ ይዘጋዋል፤ በጽዋው የተጠራቀመውን ውሃ በስስ ሚዛን ይመዝናል። የውሃው ክብደት የጊዜው ልክ ሆነ። ሙከራውን በልዩ ልዩ ርቀትና ዝንባሌ ከመቶ ጊዜ በላይ መደጋገሙን መዝግቧል።

የተገኘው ውጤት በቀላልነቱ የሚያስደንቅ ነው። ኳሱ በመጀመሪያው የጊዜ መጠን አንድ ርምጃ ቢሄድ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት፣ በአራተኛው ሰባት ርምጃ ይሄዳል። ከመነሻው ጀምሮ ሲደመር 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይሆናል። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ፣ ጊዜው ሦስት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ዛሬ በሚታወቀው ልክ፣ በነፃ የሚወድቅ ነገር በ1 ሴኮንድ 4.9 ሜትር፣ በ2 ሴኮንድ 19.6 ሜትር፣ በ3 ሴኮንድ 44.1 ሜትር ይወርዳል። ጋሊሌዮ ከዚህ ሕግ ትርጉም የደረሰው በአንድ ጊዜ አልነበረም። በ1604 ሕጉን ለወዳጁ ለፓኦሎ ሳርፒ ሲጽፍ፣ ፍጥነት የሚጨምረው በተጓዘው ርቀት ልክ ነው ብሎ ተሳስቶ ነበር። በኋላ ግን ፍጥነቱ የሚጨምረው ባለፈው ጊዜ ልክ መሆኑን ተረድቶ አረመው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ርምጃ ከሁሉ የከበደ ነው። ከአንድ ዳገት የወረደ ኳስ ፊት ለፊቱ ያለውን ሌላ ዳገት ይወጣል፤ የሚደርስበትም ከፍታ ከተነሣበት ጋር ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል። የሚወጣው ዳገት ይበልጥ ለጥ ባለ ቁጥር ኳሱ ያንኑ ከፍታ ለማግኘት ብዙ ርቀት ይሄዳል። መንገዱ ጭራሽ ዳገት ባይኖረውና የሚያግደውም ነገር ባይኖር ኳሱ መቼ ይቆማል? አይቆምም። እነሆ፣ ጥያቄው ከሥሩ ተገለበጠ። ጋሪው የሚቆመው መገፋት ስላቆመ ሳይሆን፣ ጎማው ከመሬት፣ ዘንጉም ከማቀፊያው ጋር ሲፋተግ የሚፈጠረው ሰበቃ ስላስቆመው ነው። ዘንጉን ቅባት የሚቀባ ሠራተኛ ይህን ሕግ በእጁ ያውቀዋል። እንቅስቃሴ ምክንያት አይሻም፤ ምክንያት የሚሻው የእንቅስቃሴ ለውጥ ነው።

መድፍ ተኳሾችም ጥይታቸው እጅግ የሚርቀው አፈሙዙ 45 ዲግሪ ሲያዘነብል መሆኑን በልምድ ያውቁ ነበር። ጋሊሌዮ ምክንያቱን አሳየ። ጥይቱ በአንድ ጊዜ ሁለት እንቅስቃሴ አለው፤ ወደ ፊት ባልተለወጠ ፍጥነት ይሄዳል፤ ወደ ታች እንደ ማንኛውም ነገር ይወድቃል። ሁለቱ ሲጣመሩ ፓራቦላ የተባለውን ቆልማማ መሥመር ይሠራሉ። አየር ባያግድ ኖሮ፣ በሜዳ ላይ አግድም የተተኮሰ ጥይትና ከዚያው ከፍታ ዝም ብሎ የተለቀቀ ጥይት መሬት የሚነኩት እኩል ነው።

ከችሎት ፊት

በ1609 ጋሊሌዮ በሆላንድ የተፈለሰፈውን የሩቅ ማሳያ መነጽር አሻሽሎ ወደ ሰማይ አዞረ። በጃንዋሪ 1610 በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት አካላት አየ፤ በዚያው ዓመት የፍሎረንስ መስፍን የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ተሾመ። በመነጽር ያየው ሁሉ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ለሚለው ለኮፐርኒከስ ትምህርት ድጋፍ ሆነው።

የዚህ ትምህርት ተቃዋሚዎች ጠንካራ የሚመስል ክርክር ነበራቸው። መሬት የምትንቀሳቀስ ከሆነ ከግንብ ላይ የተለቀቀ ድንጋይ ለምን ወደ ኋላ አይቀርም? መልሱ የተገኘው ከዚያው ከኳሱ ሕግ ነው። በጸጥታ በምትሄድ መርከብ ውስጥ በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ ሰው፣ ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ በቀጥታ ከሥሩ ካለው ዕቃ ሲገባ፣ ቢራቢሮዎችም ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲበሩ ያያል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ የመርከቧን ጉዞ ስለሚጋራ፣ መርከቧ ትሂድ ትቁም ሊለይ አይችልም። እኛም በመሬት ላይ እንዲሁ ነን።

በ1616 የሮም ቤተ ክርስቲያን የኮፐርኒከስን ትምህርት አወገዘች፤ ጋሊሌዮም እንዳይደግፈው ተነገረው። በ1632 ግን የሁለቱን ሥርዓቶች ክርክር የያዘውን መጽሐፉን ተራው ሰው በሚናገረው በጣሊያንኛ አሳተመ። ቀድሞ ወዳጁ የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን 8ኛ ተቆጡ። ጋሊሌዮ በ69 ዓመቱ ሮም ተጠርቶ በኢንክዊዚሽን ፊት ቀረበ። በጁን 22 ቀን 1633 ተንበርክኮ ትምህርቱን እንዲክድ ተደረገ። በፍርዱ ሰነድ ላይ ከተዘረዘሩት 10 ካርዲናሎች የ3ቱ ፊርማ የለበትም። ሲነሣ መሬት መንቀሳቀሷን በለሆሳስ ደገመ የሚባለው ወግ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነውና እንደ ታሪክ ሊወሰድ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጋሊሌዮ መካዱ ድክመት ነውን? ከ33 ዓመታት በፊት ጆርዳኖ ብሩኖ አልክድም ብሎ በሮም ከነሕይወቱ ተቃጥሏል፤ ጋሊሌዮም ይህን ያውቃል። በድካሙ ላይ ለመፍረድ እንደ እሱ በሽተኛና ሽማግሌ ሆኖ ከዚያ ችሎት ፊት መቆም ይጠይቃል። ሰውየውን ከጉድለት የጸዳ ጻድቅ ማድረግም ተገቢ አይደለም። የባሕር ማዕበል መውጣትና መውረድ የመሬትን መዞር ያረጋግጣል ብሎ ያቀረበው ማስረጃ ስሕተት ነበር፤ ኬፕለር የፕላኔቶች መንገድ ሞላላ መሆኑን ሲያሳይ አልተቀበለውም፤ ያለ ጋብቻ የወለዳቸውን ሁለት ሴት ልጆቹን በልጅነታቸው ገዳም አስገብቷቸዋል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በአንድ ሰው ቃል ላይ ብቻ የቆመ ነገር ሰውየው ሲክድ አብሮ ይወድቃል። በሚዛንና በጣውላ ላይ የቆመ ዕውቀት ግን የባለቤቱን ጽናት እንኳ አይፈልግም። ጋሊሌዮ ቢክድ ኳሱ አልካደም። ማንም ሰው፣ በየትኛውም አገር፣ ጣውላውን አዘንብሎ ኳሱን ቢለቅ ያው 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይመጣል። ችሎቱ የሰውየውን ጉልበት ሊያንበረክክ ቻለ፤ የቁጥሩን ቅደም ተከተል ግን ሊለውጥ አልቻለም።

በግዞት የተጻፈ መጽሐፍ

ጋሊሌዮ በ1633 መጨረሻ በፍሎረንስ አጠገብ በምትገኘው በአርቼትሪ በገዛ ቤቱ ታሥሮ እንዲኖር ተደረገ። ፍርዱ በየሳምንቱ ሰባቱን የንስሐ መዝሙሮች እንዲደግም ያዝዝ ነበር፤ ማሪያ ቼሌስቴ የተባለችው መነኩሲት ልጁ ይህን ግዴታ በእሱ ፈንታ ልትፈጽም ተነሣች። ሳይውል ሳያድር ግን በኤፕሪል 1634 በ33 ዓመቷ ሞተች። ሐዘኑ እጅግ መረረበት። ቀጥሎም ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፉ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ከሥራ ቢያርፍ የሚወቅሰው ባልኖረ ነበር። ጋሊሌዮ ግን ከፓዱዋ ጀምሮ ያጠራቀማቸውን የሙከራ መዛግብት አውጥቶ የዕድሜውን ታላቅ መጽሐፍ አዘጋጀ። መጽሐፉ ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች፣ ማለትም ስለ ቁሶች ጥንካሬና ስለ እንቅስቃሴ የሚያስረዳ ነው። ማናቸውም ሥራው እንዳይታተም ተከልክሎ ስለ ነበር ጽሑፉ ከጣሊያን ወጥቶ በ1638 በሆላንድ አገር በሌይደን ከተማ በኤልዘቪር ማተሚያ ቤት ታተመ። መጽሐፉ በእጁ ሲገባ ሊያነበው የሚችል ዓይን አልነበረውም። ወጣቱ ቪቪያኒና በኋላም ቶሪቼሊ እያነበቡለትና እየጻፉለት እስከ መጨረሻው ሠራ። በጃንዋሪ 8 ቀን 1642 በ77 ዓመቱ ዐረፈ። የመታሰቢያ ሐውልት እንዳይቆምለት ሮም በመቃወሟ፣ አጽሙ በፍሎረንስ በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን በክብር ያረፈው በ1737 ነው። የ1632 መጽሐፉ ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር የወጣው በ1835 ሲሆን፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በፍርዱ ስሕተት መፈጸሙን በይፋ ያመኑት በኦክቶበር 31 ቀን 1992 ነው።

የተጀመረው ሕንፃ ሲፈጸም

ጋሊሌዮ የጣለው መሠረት ላይ ሕንፃውን ያቆመው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነው። አንዳንዶች ኒውተን ጋሊሌዮ በሞተበት ዓመት ተወለደ ይላሉ፤ ይህ ግን እኛ ሁለት የዘመን አቆጣጠር የምንሰማ ሰዎች በቀላሉ የምንረዳው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። በእንግሊዝ የቀድሞ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ሲሆን፣ በጣሊያኑ አቆጣጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ነበር።

ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ሕግጋትን ደነገገ። የመጀመሪያው፣ አንድ ነገር ከውጭ የሚገፋው ወይም የሚስበው ጉልበት ካላገኘው፣ የቆመ ከሆነ እንደ ቆመ፣ የሚሄድም ከሆነ በቀጥታ መሥመር ባልተለወጠ ፍጥነት እንደ ሄደ ይቀራል ይላል። ሁለተኛው ጉልበት ምን እንደሚሠራ ይለካል። ጉልበት ፍጥነትን ይለውጣል፤ ለውጡም በጉልበቱ ልክ ይጨምራል፣ በሚገፋው ነገር መጠነ ቁስ ልክ ይቀንሳል። የጉልበት መለኪያ በእሱ ስም ኒውተን ተብሏል፤ 1 ኒውተን የ1 ኪሎግራምን ፍጥነት በየሴኮንዱ በ1 ሜትር በሴኮንድ የሚጨምር ጉልበት ነው። 100 ኪሎግራም የሆነን ጋሪ ሰበቃውን አሸንፎ በሚተርፍ 50 ኒውተን ጉልበት ብንገፋው፣ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በግማሽ ሜትር በሴኮንድ ያድጋል፤ ጭነቱ እጥፍ ቢሆን ጭማሪው በግማሽ ይቀንሳል። ሦስተኛው ሕግ፣ የሚገፋ ሁሉ በዚያው ልክ መልሶ ይገፋል የሚል ነው። ጋሪ የሚገፋ ሰው ወደ ፊት የሚሄደው እግሩ መሬትን ወደ ኋላ ሲገፋ መሬት እሱን ወደ ፊት ስለሚገፋው ነው፤ በጭቃ ላይ የሚንሸራተተውም ይህ መልስ ስለሚጎድለው ነው።

በኦገስት 1971 ዴቪድ ስኮት የተባለው የጠፈር ተጓዥ አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ መዶሻና የወፍ ላባ በአንድነት ለቀቀ። ሁለቱም እኩል መሬት ነኩ። ይሁንና ይህን እውነት ለማረጋገጥ ጨረቃ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ቦይ ያለው ረጅም ጣውላ ጥቂት አዘንብሎ፣ ከላይ ከመነሻው በ10፣ በ40፣ በ90 እና በ160 ሳንቲሜትር ላይ ምልክት አድርጎ ብይ መልቀቅና በእኩል ምት እየቆጠሩ ማየት ይቻላል። ዝንባሌው ከምቱ ጋር እስኪስማማ ከተስተካከለ፣ ብይዋ በየምቱ አንዳንድ ምልክት ታልፋለች። በየሰፈሩ ያለ ወላጅ ከልጁ ጋር፣ ሠራተኛም ከሥራ ጓደኛው ጋር ሊያደርገው የሚችል ነው።

ከጋሊሌዮ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። ሊቅነት ከሥራ ርቆ መቀመጥ አይደለም፤ ሥራም ያለ ምርመራ ሲደገም ልማድ ሆኖ ይቀራል። የፓምፕ ጠጋኙ የሚያውቀውንና የሒሳብ መምህሩ የሚያሰላውን አንድ ላይ ያመጣ ማኅበረ ሰብ በተፈጥሮ ላይ ያለው ኃይል ያድጋል። የተባለውን ከመቀበል በፊት መለካት፣ የለኩትንም ደጋግሞ ማረጋገጥ፣ ስሕተት ሲገኝም ማረም የጥቂት ምሁራን መብት ሳይሆን ሚዛንና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ሥራ ነው።